እርጥብ ፈጠራ ነው እንዴ?

ሥራ ፈጠራ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ በዕድሜዬ አንዲት ክብሪት እንኳ ሸጬ የማላውቀው ሰውዬ። ከኮተቤ የተመረቅኩት በጂኦግራፊ ነው። አዲሱ ትምህርት ሲመጣ ክፍለ ጊዜ ያነሰው መምህር ተፈለገና እኔ ላይ ወደቀ፤ የሦስት ቀን ስልጠና ሰጡኝ፣ ቦርሳና ቆብ ጨመሩልኝ፣ በቃ ባለሙያ ሆንኩ። አሰልጣኙም እንደኔው ደሞዝተኛ ነበር። "ሪስክ መውሰድ አለባችሁ!" እያለ ይጮህብናል፤ የሻይ ሰዓት ሲያልፍበት ግን ሊያለቅስ ምንም አይቀረው።

ትምህርት ቤታችን ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ሥር ነው። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰረስራል፤ ልጆቹ ደግሞ ታክሲ ሲጋፉ ቁርስ ሳይበሉ ይመጣሉ። ይህን ያስተዋለችው አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። ከሾላ ገበያ ድንች ትገዛለች፣ ማለዳ ተነስታ ትቀቅላለች፣ ከአዋዜ ጋር ዳቦ ውስጥ ከትታ እርጥብ ይዛ ትመጣለች። በእረፍት ሰዓት ከላብራቶሪው ጀርባ ሰልፍ ነው። የበላውን ሁሉ "ምን ጎደለው?" ብላ ትጠይቃለች፤ አዋዜው በዛ ካሏት በማግስቱ ትቀንሳለች። እኔ ክፍል ውስጥ "የገበያ ጥናት" እያልኩ ስለፈልፍ እሷ ጨርሳዋለች።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ያዛት። በግቢው ውስጥ መሸጥ ክልክል ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተጠራ፤ ጸሐፊው እኔ። ከታገደች የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ያመልጣታል፣ ክፍሉንም ትደግማለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ሳምንት እኮ የፈጠራ ውድድር አካሂደን ከካርቶን የተሠራ ድሮን ሸልመናል! መብረር ይቅርና ነፋስ ሲነካው ክንፉ ተገነጠለ። እኛም አጨበጨብን።

እናቷ አጠገቧ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ምክትሉ ለምን እንደሸጠች ጠየቃት።

"ቲቸር ሥራ ፍጠሩ ስላሉን ነው" አለች፤ ወደ እኔ ሳታይ።

"እርጥብ ፈጠራ ነው እንዴ? ድሮም የነበረ ነገር! አንቺ ሸጥሽ እንጂ ምን ፈጠርሽ?"

ኮሚቴው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። የደነዝ ስብስብ! ሥራ መፍጠር ማለት በዓለም ላይ ያልነበረ ዕቃ ማምጣት ይመስላቸዋል። ከመካከላቸው መጽሐፉን ገልጦ ያየ የለም። እኔ ግን አይቻለሁ። የነበረን ነገር ሰው በሚፈልገው ቦታና ሰዓት ማቅረብም ሥራ ፈጠራ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል፤ የፈተና ጥያቄ ሁሉ አውጥቼበታለሁ። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነበር የሚጠበቅብኝ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጀግናው የደረጃ እድገቴ በምክትሉ እጅ ነበረችና አቀረቀርኩ። "በሙሉ ድምፅ እንድትታገድ ተወስኗል" ብዬ ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። እነሱን ደነዝ እላለሁ፤ ለእኔ የሚሆን ስድብ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

መስከረም ላይ አስራ አንደኛ ክፍል ስገባ ከታናናሾቿ መካከል ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እኔም ያው "ሥራ ፈጠራ ማለት" ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ዞር ስል ሁሉም አቀርቅሮ ይገለብጣል፤ እሷ እጇን አጣጥፋ ታየኛለች።

"ለምን አትጽፊም?" አልኳት፤ የመምህር አመል ሆኖብኝ።

"የአምናው አለኝ፣ ቲቸር" አለችኝ።