እናቴ ለባሕረኛ ልጇ የላከችው ድምፅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስሜንና የገበያ ዝርዝር ከመጻፍ በቀር እስክርቢቶ የያዝሁት ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው፤ እሱም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀረ። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ነው የምገባው። አንዱ እንግዳ «ያቺ ልጅ ዲዳ ናት እንዴ?» ብሎ እናቴን ጠይቋት ነበር። «ዲዳ አይደለችም፤ ቃሏን እያጠራቀመች ነው» አለችው። ያጠራቀምሁት ነገር ካለ ለእሷ ላውለው።

እናቴ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ዳር፣ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት ቦታ፣ ረኩባ የምንላት በሣር የተከደነች ዳስ አለቻት። ሰሊጥ ለማጨድ ከመተማና ከጎንደር ቆላ የሚመጡ ሠራተኞች ወደ ቁረይሻ እርሻ የሚወስዳቸውን መኪና የሚጠብቁት እሷ ጥላ ሥር ነው። ፉል ታበላቸዋለች፣ ሻይ ታጠጣቸዋለች፣ የደከመውን ታስተኛዋለች። አባቴም ድሮ ከነዚህ አጫጆች አንዱ ነበር። እዚያው ጥላ ሥር ፉል ሲበላ መኪናው ጥሎት ሄደ፤ እሱም በዚያው ቀረ። «መኪናው አይደለም የጣለኝ፤ እኔ ነኝ የጣልሁት» ይል ነበር።

የወለዱት ሁለት ነው፤ ወንድሜንና እኔን። ወንድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ጎበዝ ተማሪ ስለነበረ አባቴ ጎንደር ወዳለችው እኅቱ ላከው። እዚያ አክስታችን ቤት ሆኖ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰና ባሕር ኃይል ገባ።

ወሬው ረኩባው ሥር ሲሰማ የሳቁብን ሳቅ አይረሳኝም። አንድ ቀልደኛ የሰሊጥ ነጋዴ ነበረ።

«ባሕር የሌላት አገር ባሕረኛ!» አለ ጭኑን እየመታ። «ልጅሽ ጣና ላይ ዓሣ ሊያባርር ነው?»

እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ዞር አለችና፣ «አውሮፕላን የሚያበረው ሰውዬ ሰማይ ላይ ተወልዶ ነው? ተምሮ ነው። ፉልህን ብላ» አለችው።

ከዓመት በኋላ ወንድሜ የመርከብ ሞተር እንዲማር ባሕር ማዶ ተላከ። እዚያ ስልክ የሚሰጣቸው እሑድ ብቻ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ። ሌላውን ቀን አለቆቻቸው ቆልፈው ያስቀምጡታል። እናቴ ይህን ስትሰማ አላማረረችም። «እንግዲያው እሑድ የሚሰማውን ከሰኞ ጀምረን እንልክለታለን» አለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ፣ እጇን ታጥባ፣ ሻሿን አስተካክላ አጠገቤ ትቀመጣለች። እኔ ስልኩን እጫናለሁ፤ እሷ ትናገራለች። ወንድሜ እሑድ ስድስቱን ድምፅ በተራ ያዳምጣል።

መጀመሪያ ላይ ትጮህ ነበር።

«እማ፣ ቀስ ብለሽ ብትናገሪም እኮ ይሰማል።»

«ባሕር ነው እኮ የሚሻገረው!» ትለኛለች።

የምትነግረው ተራ ነገር ነው። ዝናቡ መጣ፣ ሰሊጡ በቀለ፣ የጎረቤት ፍየል ሊጥ በላች። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ገዳሪፍ ከካርቱም በተፈናቀለ ሰው ተጨናንቃለች፤ መብራት ይጠፋል፤ እኛ ሸበካ የምንለው ኔትወርክም ይጠፋል። እሱን አትነግረውም። ሸበካ የጠፋ ቀን ስልኩን ይዛ እስከ አስፋልቱ ዳር በእግሯ ትሄዳለች፤ እኔ እከተላታለሁ። ድምፁ ሳይሄድ አንመለስም። ከልጇ አንድም ቀን «ይህን ላክልኝ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። የምትጠይቀው ምን እንደበላና እግሩ እንደሚሞቀው ብቻ ነው።

ደግሞ ባሕርን ማወቅ ፈለገች። አንድ ጊዜ ለሠርግ ኸሽም ኤል ቂርባ ሄደን ግድቡ ዳር ቆመች። ሠርገኛው ሁሉ ሲሄድ እሷ አልነቃነቅ አለች። «ይህን ያህላል?» አለችኝ። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። እሑድ መልሱ መጣ፤ «እማ፣ ይኸ ለእኛ የእጅ መታጠቢያ ነው» ይላል እየሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ልጄ እዚያ ላይ ይተኛል ማለት ነው» አለች። በበነጋው ዳቦ ቆሎ መጥበስ ጀመረች። በነጋዴ እጅ በመተማ ወደ አክስታችን፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ማዶ በሚሄድ መኮንን እጅ ደረሰው። አብረውት የሚማሩ ሦስት የአገራችን ልጆች አሉ፤ አንዱ የጅማ፣ አንዱ የሐረር፣ አንዱ የደሴ ልጅ ነው። አይተዋት አያውቁም፤ ዳቦ ቆሎዋን ከበሉ ወዲህ ግን «እማማ» ይሏታል።

አባቴ የሞተው በአጨዳ ወቅት ነው። ቁረይሻ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ቤታችን በሰው ተሞላ። ወንዶቹ ከውጭ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶቹ ከውስጥ ተቀመጡ። ከቀብር እንደተመለስን የዕድራችን ሰብሳቢ የሆኑት አዛውንት ገብተው ከእናቴ ፊት ተቀመጡ።

«የልጁስ ነገር እንዴት ይሁን፣ እቴ?» አሏት።

«አይነገረውም» አለች።

«ልጅ እኮ ነው። የአባቱን ሞት…»

«መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው የሚረዳው ጎሕ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዞት ነው። እዚያ ማን ይይዘዋል? ብረትና ውሃ ነው ያለው። ልጄ ብቻውን አይረዳም።»

«ታዲያ እስከ መቼ ይደበቃል?»

«በግንቦት ትምህርቱን ጨርሶ አክስቱ ቤት ይገባል። ያኔ እኔ በመተማ እሻገራለሁ፤ እርስዎም አብረውኝ ሄደው ይነግሩታል።»

«እኔ? በዚህ ጉልበቴ ጎንደር?»

«እስከ ጎንደር ድረስ ራቅሻ እከራይልዎታለሁ» አለች። ራቅሻ ባለ ሦስት እግሯ ታክሲ ናት። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ሁሉም እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

አዛውንቱ ግን አልሳቁም። «ውሸት ልትነግሪው ነው እኮ» አሏት።

«ውሸቱን እኔ እችለዋለሁ። እሱ እንቅልፉን ይተኛ።»

በሦስተኛው ቀን አሥር ሰዓት ሲሆን እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣችና «ስልኩን አምጪ» አለችኝ። ቤቱ በለቅሶ ይናወጣል። እጇን ብታነሣ ሴቶቹ ሁሉ ባንዴ ዝም አሉ። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ነው ዝም ያሉት። ከውጭ የውሃ ጋሪ የምትጎትት አህያ ብቻ ትጮኻለች። ስልኩን ተጫንሁ።

«ልጄ፣ እንደምን ዋልህ? እኛ ደኅና ነን» አለች። ድምፅዋ የዘወትር ድምፅዋ ነው፤ ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አላውቅም። «አባትህ ቁረይሻ ነው። ዘንድሮ ሰሊጡ ጥሩ ነው ይላሉ። እዚያ ሸበካ የለም፤ ድምፁ ቢጠፋብህ አትቀየመው። ብርድ ነው ብለሃል፣ ደረትህን ሸፍን። እህል ብላ።»

ጣቴን ከስልኩ ላይ አነሣሁ። ሄደ። እናቴ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠችና ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ «በሉ፣ አልቅሱ» አለቻቸው።

እኔ እናቴ ጠንካራ መሆኗን አውቅ ነበር። የጋለ ድስት ከእሳት ላይ በባዶ እጇ ስታነሣ፣ የሰከረ አጫጅ ስታባርር አይቻለሁ። ጥንካሬ ማለት ያ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ነው በደንብ የገባኝ።

እንዲህ ሳምንታት አለፉ። ወንድሜ «አባ አሁንም ቁረይሻ ነው?» ሲል፣ «አጨዳው አለቀ፤ አሁን ወደ ፋው ጥጥ ሊለቅም ሄዷል» አለችው። አባቴ በሕይወት ሳለ ፋውን ረግጦ አያውቅም ነበር። እኔ ለወንድሜ ምንም አልላክሁም። ድሮም ስለማልናገር ዝምታዬን ማንም አልጠረጠረውም። አንዳንዴ ዓይነ አፋርነቴ ለአንድ ነገር ጠቀመ እላለሁ።

የአርባው ተዝካር ካለፈ በኋላ ወንድሜ «የእማን ፎቶ ላኪልኝ፤ ፊቷ ናፈቀኝ» አለኝ። ሁለት እሑድ አሳለፍነው፤ ሦስተኛ ጠየቀ። «ከከለከልነው ይጠረጥራል» አለች እናቴ። ጥቁሯን ቀሚስ አወለቀች። ፀጉሯን ለኀዘን ስለተላጨች ራሷን በቀይ ሻሽ አሠረች። ነጭ ቀሚስ ከጎረቤት ተዋስን። አንዲት ለቅሶ ደራሽ አይታን፣ «ዓመቱ ሳይሞላ ጥቁር ታወልቂያለሽ?» አለቻት። «ለልጄ ዐሥር ደቂቃ ነው የማወልቀው፤ መልሼ እለብሰዋለሁ» አለቻት። ነጠላዋን ደርባ ረኩባው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ከኋላዋ ያለውን ሁሉ ተመለከትሁ፤ የድንኳን እንጨት እንዳይታይ፣ የአባቴ ጫማ እንዳይታይ። «ሳቂ» አልኋት። ሳቀች። አነሣሁና ቅዳሜ ማታ ላክሁት።

እሑድ ጠዋት እናቴ ቅዳሴ ላይ ሳለች ስልኩ ጮኸ። እኔ ስልክ ሲጮህ እጄ ይደርቃል። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ደግሞ ጮኸ። አነሣሁት።

«እታለም» አለ ወንድሜ።

«ወንድምዓለም።»

«እማስ?»

«ቅዳሴ ናት።»

«ደኅና።» «ፎቶውን አየሁት። እማ ነጠላዋን ለማን ነው የዘቀዘቀችው?»

ያኔ ነው የታየኝ። በደኅና ቀን የነጠላ ጥለት ወደ ታች ነው የሚወርደው። ለኀዘን ሲሆን ነጠላው ይዘቀዘቅና ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገትና አገጭ አጠገብ ይውላል። ከአርባ ቀን በላይ እንደዚያ ስትለብስ እጇ ለምዶት ኖሮ፣ በነጩም ቀሚስ ላይ እንደዚያው አድርጋው ነበር። እኔም ስንት ነገር ሳጣራ ዓይኔ ስለለመደው አላየሁትም። ጫማ ደብቄ መርዶውን አንገቷ ላይ አድርጌ ላክሁት።

ጎረቤት ነው የሞተው ልለው እችል ነበር። እናቴ ብትሆን ሳታመነታ ትለው ነበር። እኔ ግን ምላሴ ላይ የመጣው የእሷ ሌላ ቃል ነው።

«ብቻህን ነህ?» አልሁት።

«አይደለሁም» አለ። «ፎቶውን እንዳየሁ ልጆቹን ጠራኋቸው። 'ቤቴ ሰው ሞቷል፤ ማን እንደሆነ ልጠይቅ ነውና አጠገቤ ተቀመጡ' አልኋቸው። ሦስቱም አሉ። የጅማው በቀኝ ይዞኛል፣ የሐረሩ በግራ። የደሴው ሌላ ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ ቆሟል። እህልም አልቀመስሁ። አሁን ንገሪኝ፣ እታለም። አባ ነው?»

«አዎ» አልሁ። «አባ ነው።»

ስልኩ ወደቀ መሰለኝ። ከሩቅ የወንድሜ ለቅሶ፣ ከዚያ «አይዞህ፣ አይዞህ ወንድሜ» የሚሉ ድምፆች ይሰሙኛል። ብዙ ቆይቶ አንዱ ስልኩን አነሣው። «እኅቴ፣ እኔ የጅማው ነኝ። ይዘነዋል፤ አትፍሪ። እማማ ሲመጡ ደውሉ፤ እስከ ማታ ስልኩ እጃችን ላይ ነው» አለኝ።

እናቴ እስክትመለስ ደጅ ቆሜ ጠበቅኋት። ከአስፋልቱ ማዶ ስትመጣ ታየችኝ፤ ጥቁሯን ለብሳለች፣ ጸበል በጠርሙስ ይዛለች። ፊቴን ስታይ ቆመች።

«ምን ሆነሻል?»

«ወንድምዓለም ደውሎ ነበር። ከፎቶው አወቀ፤ ነጠላሽን አይቶ። ማን ነው አለኝ። ነገርሁት።»

ትመታኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ያን ሁሉ ድምፅ የጠበቀችውን እኔ በአንድ ቃል አፈረስሁት። እሷ ግን ጸበሉን መሬት ላይ አኖረችና አንገሬብ በምንለው የገመድ አልጋ ላይ ቁጭ አለች።

«ብቻውን ነበር?»

«አይደለም።» እንደነገረኝ ነገርኋት። በቀኝ ማን፣ በግራ ማን፣ በር ላይ ማን። አስደገመችኝ። እህል እንዳልቀመሰም አስደገመችኝ።

«ማን አዘዘው? አለቃ ነው?»

«ማንም አላዘዘውም። ራሱ ነው ሰብስቦ ያስቀመጣቸው።»

«ራሱ» አለች። ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የማታውቃቸውን ልጆች ስም እየጠራች፣ ለእያንዳንዳቸው እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለች። የሐረሩ ልጅ እስላም መሆኑን ስለምታውቅ ለእሱ «አላህ ይስጥልኝ» ነው ያለችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም ነበር፤ ፊቷ ሁሉ ተፈታ።

«ደውዪለት» አለችኝ። «ከዚያ ስልኩን ስጪኝና አንቺም እዚሁ አጠገቤ ተቀመጪ። እስከ ዛሬ ከልጄ ጋር አላለቀስሁም።»