በዘንዶው ዋሻ በር የማልኩት

የልጄ ኮምፒውተር ሲግል የሚያወጣው የተቃጠለ አቧራ ሽታ፣ እዚህ ስዊድን፣ ክረምቱን ሙሉ መስኮት በማይከፈትበት ቤት፣ ቶሎ አይለቅም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳጥፍ፣ በሚጫወተው ጌም ውስጥ ያለ አንድ ሽማግሌ በጽሑፍ ሊነግረው የጀመረውን ታሪክ ልጄ ኪሩቤል ቁልፉን ጣ ጣ ጣ እያደረገ ሲዘለው አየሁና "ምነው፣ ይጨርስ እንጂ!" አልኩት። "እማ፣ ይሄን ደግሞ ማን ያነባል?" አለኝ፣ ዞር እንኳ ሳይል። የምታነብ አንዲት ልጅ አውቅ ነበር።

ዘይነባ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ቤተሰቧ ከወሎ የመጡ፣ እኛ ደግሞ አዲስ አበባ የልደታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ልጆች፤ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለነበር የእነሱ ራዲዮ ለእኛም ይበቃል። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነን፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ጌጃ ሰፈር ከብረት በያጁ ጎን በተከፈተች ጠባብ ኢንተርኔት ቤት እንጫወት ነበር፤ ብየዳው ብልጭ ባለ ቁጥር ስክሪኑ ሁሉ ይርገበገባል፣ የክፍላችን ልጅ ሳምሶንም በያጁን ከነዘሩ ይረግማል። ጌሙ አስማተኛና ዘንዶ የሞላበት ነው። እኛ የምንፈልገው ሌቭል መጨመር ነበር፤ ማንን ገደልን፣ ምን አገኘን፣ አለቀ። ዘይነባ ግን ፈዋሽ ሆና ገባች፤ የነጩ ቤተ መቅደስ ፈዋሾች ደም ላያፈሱ ምለዋል የሚለውን ስላነበበች፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት አይጥ አልገደለችም። መሐላው ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው እንጂ ጨዋታው ነጥብ የሚሰጠው ለገደለ ነው። እሷ የእኛን ቁስል እያከመች በኤሊ እርምጃ ታድጋለች፣ እግረ መንገዷንም ጌሙ የሚያወራውን ሁሉ በመዝገበ ቃላት እየፈታች በሰማያዊ ደብተር ላይ በአማርኛ ትጽፋለች። "ዘይኑ፣ ፈተናው መቼ ነው?" ይላታል ሳምሶን፤ እንስቃለን፣ እሷም ትስቃለች። ታሪኮቹን ሁሉ ለጨረሰ ብቻ የሚሰጠውን ነጭ ካባ ግን ከመካከላችን የለበሰች እሷ ብቻ ነበረች።

ዘንዶው ዋሻ ስንደርስ ነገር ተበላሸ። እዚያ የሞተ የያዘውን ሁሉ ያጣል፤ ዘንዶው ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጠላው ፈዋሽን ነው። አንድ ፈዋሽ ቀድሞ ገብቶ በዘንዶው ሲበላ ሌሎቻችን ከኋላ መውጋት ነበረብን። ሳምሶን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አንቺን ታምንሻለች" አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው የተመካከርነው።

በዋሻው በር የሚወጣው ጽሑፍ የሚታየው በመሪው ስክሪን ብቻ ነበር፤ መሪዋ እኔ ነኝ። ሳላነበው ዘለልኩትና፣ ድምፄን እንደ ዜና አንባቢ አስተካክዬ፣ መሣሪያ ያላነሣ ፈዋሽ ብቻውን ከገባ ዘንዶው ይሰግድለታል ይላል አልኳት። እስክሪብቶዋን አነሣች።

"እውነት እንደዚያ ይላል፣ ሰብልዬ?"

"ልደታን!"

በእኛ ግቢ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በልደታ የማለን ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም። ጻፈችው፣ አራት ነጥብ አደረገችበት፣ ገባች። ዘንዶው በሁለት ንክሻ ጨረሳት። ከኋላ እየወጋን፣ እየጮኽን፣ ሳምሶን "ዘይኑ፣ ሰገደልሽ ወይ?" ሲል ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ከምርኮው ለእኔ ጋሻ ደረሰኝ።

እሷ ስለ ካባው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ደብተሩን ወደ እኔ አዙራ፣ በእጇ የጻፈቻትን ያቺን መስመር በጣቷ እያሳየችኝ፣ "በልደታ እኮ ነው የማልሽው" አለች፣ ቀስ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙብኝ የምትጠነቀቅ ይመስል። ወንበሯን አስጠግታ ወጣች፤ ዳግመኛም አልመጣች። ማታ ማታ ራዲዮአቸው በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር።

ለንስሐ አባቴ በሐሰት መማሌን ነገርኳቸው። በምን ነገር ቢሉኝ "በዘንዶ" አልኩ፤ አርባ ስግደት ሰጡኝ፣ የበደልሽውንም ሰው ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። ስግደቱን አንድ ሳላጎድል ሰገድሁ። ይቅርታውን ለበዓል አቆየሁት፣ ከዚያ ለፈተና ማግስት፣ ከዚያ ሰፈራችን ፈረሰና እነሱ ወዲያ እኛ ወዲህ ተበተንን።

ዘንዶው በየግማሽ ሰዓቱ እየተነሣ ስንቴ ገድለነዋል። ጋሻዬንም ወር ሳይሞላ በተሻለ ለወጥሁት። በዚያ በር ላይ በእውነት ምን ተጽፎ እንደነበር ግን አላውቅም።

ነጠላዬን አስቀምጬ ኪሩቤል አጠገብ ተቀመጥሁ። "ያን ሽማግሌ እስቲ መልሰው፣ ምን ሊል ነበር?" አልኩት።

"ከተዘለለ በኋላ አይመለስም፣ እማ።"