ጠያቂዎቿን ከበር የመለስኩ ዕለት

የሟች ባለቤቴ እህት ሮቤ ገበያ ውስጥ ስኳሯ ወርዶ ስትወድቅ፣ ያነሷት ሴቶች መጀመሪያ የጠሩት እኔን ነው። ሌላ ማንን ይጥሩ? አንድ ልጇ ያለው ሻሸመኔ ነው። ሰፈሩ ደግሞ እሷንና እኔን እንደ ሥጋ እህትማማች ነው የሚያየን። በዓል ሲሆን እንጠያየቃለን፤ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን እንቀመጣለን። የሆዴን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዝም ያለ ሰው የረሳ ይመስላቸዋል።

ባጃጁ ወደ ጎባ ሆስፒታል ሲበር በመንገዱ ግራና ቀኝ ኮምባይነሮቹ ስንዴ ያጭዱ ነበር። ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። የድንገተኛው ክፍል ጥበቃ በሩን በክንዱ ዘግቶ "አስታማሚ አንድ ብቻ" አለ። አብረውኝ የመጡት ሴቶች ወደ እኔ ጠቆሙ። የአስታማሚውን ካርድ እጄ ላይ አኖረልኝ፤ በላስቲክ የተሸፈነ፣ ጠርዙ የተበላ ወረቀት ነው።

"ጠያቂ ሲመጣ እርስዎ ወጥተው ካርዱን ይሰጡታል፤ እሱ ይገባል። እርስዎ ካልሰጡ ማንም አይገባም። ገባዎት፣ ሃርሜ፣ እናቴ?"

"ገብቶኛል" አልኩት። ከሚያስበው በላይ ገብቶኝ ነበር።

ወጣት ሳለሁ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ማዋለጃ ክፍል ተኝቼ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ሳያለቅስ ተወልዶ ሳያለቅስ ተወሰደ። ባለቤቴ ለአጨዳ ኮምባይነር ይዞ ርቆ ሄዶ ስለነበር ያስታመመችኝ ይህችው እህቱ ናት። ያኔም የሚገባው ባለካርድ ነበር፤ ካርዱም በእሷ እጅ ነበር።

ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ነው የተኛሁት። ሴት እንዲህ ሲደርስባት እኛ ዘንድ ሰፈር ነቅሎ ይመጣል፤ ማንም ባዶ እጁን አይመጣም። ወደ እኔ ግን አንድ ሰው አልመጣም።

"ሰው አልመጣም?" እላታለሁ።

"ሰው ሥራ አለው፤ አጨዳ ነው" ትለኛለች፣ ትራሴን እያስተካከለች።

ወጥቼ ቤቴ ስገባ ሰፈሩን በሙሉ ተቀየምኩ። ሰላምታቸውን በግማሽ አፍ እመልስ ነበር። አጠገባችን ዳቦ ቤት የነበራት ሴት፣ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ቤት አያያዝ ያስተማረችኝ፣ ስትሞት ቀብሯ ላይ አልቆምኩም። ከዓመታት በኋላ ባለቤቴ አረፈና ለቅሶ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ጎረቤት ጆሮዬ አጠገብ፣ "በልጅሽ ጊዜ እኮ መጥተን ነበር" አለችኝ። "ሰው ማየት አልፈልግም ብላለች ተባልንና ተመለስን።" ማን እንዳላቸው አልጠየቅኩም። የባለቤቴ እህት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር።

ቀኔን ጠበቅኩ።

ግሉኮሱ ገብቶላት ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠች። ሲስተሯ መጥታ "አሁን ደህና ናቸው፤ እስከ ነገ ግን እዚሁ ይቆያሉ" አለችኝ። የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ጥበቃው ጠራኝ። የእድሯ ሴቶች ሚኒባስ ሞልተው ከሮቤ መጥተዋል፤ ብርቱካን የያዘ አለ፣ ፔርሙዝ የያዘ አለ።

"እንዴት ናት?"

"ነፍስ ዘርታለች።"

"እንግዲያው ካርዱን አምጪያ። ተራ በተራ እንያት።"

"ሰው ማየት አልፈልግም ብላለች" አልኳቸው። አንድም ቃል አልጨመርኩም።

"ማ? እሷ?" አለች ከፊት የቆመችው። "ሰው ካላየች እህል የማይወርድላት?"

"አንቺን ነው ማየት ያልፈለገችው" አለቻት ከኋላዋ ያለችው፤ ሳቁ። ወዲያው ግን አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። "ምን ያህል ብትጎዳ ነው በሉ።" ብርቱካኑን አስታቀፉኝ። ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው ጉንጬን ስማ "ገለቶሚ፣ ተባረኪ እህቴ። አንቺ ባትኖሪላት ምን ይውጣት ነበር" አለችኝና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ስመለስ የባለቤቴ እህት ቀና ብላ በሩን እያየች ነበር።

"ብርቱካኑን ማን አመጣው?"

"የእድርሽ ሴቶች።"

"ታዲያ የታሉ?"

"መለስኳቸው። ሰው ማየት አልፈልግም ብላለች አልኳቸው።"

ቃሉን አወቀችው። ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁ፤ ለዚህች ቅጽበት ስል ነው እስከዚያ ቀን በየበዓሉ የጠየቅኳት። ትክዳለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረገችም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ከባለቤቴ ለቅሶ ጀምሮ።"

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"አሁን ጠየቅኩሽ።"

ቱቦ የተሰካበትን እጇን አየች። "ወንድሜ አንቺን ካገባ ወዲህ ማንም እኔን ዞር ብሎ አያየኝም ነበር። ከበር ስመልሳቸው ግን አቀፉኝ። አንቺ ባትኖሪላት አሉኝ።"

ጉንጬ ገና የአሮጊቷን መሳም አልረሳም ነበር። በመዳፌ ጠረግኩት።

"አሁን እነማን እንደመጡ ንገሪኝ" አለች።

"ለእኔ የነገረኝ ነበር?"

"ያኔ የመጡልሽን እኔ እነግርሻለሁ።" ነገረችኝም። አንዱንም አልረሳችም። የጎሮዋ አክስቴ ማር ይዛ መጥታ ነበር። ያ ደረቅ የምንለው ባለወፍጮ እንኳን ከነሚስቱ መጥቶ ነበር። "ባለ ዳቦ ቤቷ ደግሞ በማግስቱም ተመልሳ መጣች። ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ይህን ብቻ አስገቢልኝ አለችኝ።"

"አላስገባሽልኝም።"

"እኔ በላሁት።"

ያቺ ሴት ስትቀበር ቤቴን ዘግቼ ውዬ ነበር። ይህንንም ቀምታኛለች።

በመስኮቱ የእድሯ ሴቶች ይታዩኝ ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ አጥሩ ጥግ ቆመው ያወራሉ። አንድ ጊዜ ብጣራ ይሰሙኝ ነበር። የባለቤቴ እህትም አየቻቸው፤ ከዚያ የካርዱ ጫፍ ብቅ ያለበትን ኪሴን አየች። ወደ ውስጥ ገፋሁት። ሚኒባሱ ተነሳ። ጥበቃውም የጠያቂ ሰዓት አበቃ እያለ በየክፍሉ አለፈ።

ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተኛች።

"ነገ ይመጡ ይሆን?" አለች።

"ሰው ሥራ አለው፤ አጨዳ ነው" አልኳትና ትራሷን አስተካከልኩላት።