ኦፍሳይድ የሌለበት ኳስ

ልጄ የአውስትራሊያ ኳስ መጫወት መጀመሯን የነገረችኝ ዴንቨር ውስጥ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ እየነዳሁ ሳለ ነው። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ነርሲንግ ትማራለች፣ ከእኔና ከእናቷ ጋር አውሮራ ትኖራለች። «አባዬ፣ እንደ ሶከር ነው፤ ግን በእጅም ይያዛል» አለችኝ። እኔ አስመራ ተወልጄ በልጅነቴ አዲስ አበባ የገባሁ፣ እዚያው ተምሬ ለሰፈሬ ቡድን ስምንት ዓመት መሀል ተከላካይ ሆኜ የተጫወትኩ ሰው ነኝ። በእጅ የሚያዝ ኳስ፣ ኳስ አይመስለኝም ነበር። ቢሆንም እሁድ ጠዋት ፓርክ ሂል አጠገብ ወዳለው ሜዳ ላያት ሄድኩ።

ሜዳው ሞላላ ነው፤ ኳሷም ሞላላ ናት። በየጫፉ አራት አራት ቋሚ ተተክሏል፤ በረኛ የሚባል የለም። በመሀለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል ተመትታ ያለፈች ኳስ ስድስት ነጥብ፣ በዳር በኩል ያለፈች ደግሞ አንድ ነጥብ ታስገኛለች። አየር ላይ ያለች ኳስ የቀለበች ተጫዋች ማንም ሳይነካት ተረጋግታ የመምታት መብት አላት። ሰው ስለማይበቃ በየቡድኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ነው የሚጫወቱት። ይህን ሁሉ የተማርኩት ኋላ ነው። የዚያን ቀን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልጄ ቡድን ተከላካይ የለውም። ኳሷ ወደሄደችበት ዘጠኙም ይሮጣሉ። ተጋጣሚዎቹ ከግርግሩ አሻግረው ሲመቷት ከኋላ የቆመ አንድ ሰው የለም።

ከእረፍት በፊት ትዕግሥቴ አለቀ። አጠገቤ ጉልበቷ ላይ ድጋፍ ያሰረች ሴት ቆማ ነበርና ወደ እሷ ዞሬ፣ «ይሄ ቡድን አሰልጣኝ የለውም እንዴ?» አልኳት።

«አለው። እኔ ነኝ» አለችኝ።

አውስትራሊያዊት ናት። ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደርጋ መጫወት ትታለች። አፍሬ ይቅርታ ልጠይቃት ስል ተጫውቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ተከላካይ እንደነበርኩ ነገርኳት። «እንግዲያው ተከላካዮቹን አንተ ያዝልኝ። እኔ ለሁሉም አልደርስም» አለች። ልጄ ከሜዳ ወጥታ ይህን ስትሰማ፣ «አባዬ፣ አር ዩ ሲሪየስ?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

የመጀመሪያው ልምምድ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ነበር። ሦስት ሰው ተሰጠኝ። አንዷ ልጄ ናት፤ ከቡድኑ ሁሉ ፈጣኗ እሷ ነበረች። ሁለተኛዋ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ከእኔም የምትረዝም። ሦስተኛዋ ኢስት ኮልፋክስ ላይ ዳቦ ቤት የምትሠራ፣ አጠር ብላ እንደ ግድግዳ የጠነከረች ሜክሲኳዊት። እኔ የማውቀውን አስተማርኳቸው። በአንድ መስመር ይቆማሉ፤ ስጮህ ሦስቱም አንድ ላይ ወደ ፊት ይወጣሉ፤ አጥቂዎቹ ከኋላቸው ይቀራሉ። ለግማሽ ሰዓት ደጋገምን። ከዚያ እውነተኛ ጨዋታ አስመሰልንና ጮህኩ። ሦስቱም እንደ አንድ ሰው ወጡ፤ አጥቂዋ ብቻዋን ከኋላ ቀረች። ደስ ብሎኝ እጄን አነሳሁ።

ፊሽካ የነፋ የለም። አጥቂዋ ኳሷን ቀለበች፣ ዞር ብላ አየች፣ ተረጋግታ መትታ አገባች።

አሰልጣኟ እያነከሰች መጣችና ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚህ ጨዋታ ላይ ኦፍሳይድ የለም» አለችኝ።

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

እኔ ወጣት ሳለሁም ሯጭ አልነበርኩም። ከእኔ የሚፈጥኑትን አጥቂዎች ስምንት ዓመት ያቆምኳቸው በዚያች በማትታይ መስመር ነው። መቼ እንደምወጣና መቼ እንደምቆም አውቃለሁ፤ የቀረውን ዳኛው ይጨርስልኛል። አሁን መስመሯ የለችም ሲሉኝ ከማውቀው ሁሉ እጄ ላይ ምን እንደቀረ አላውቅም ነበር። ቤት ስገባ እራት አልበላም አልኩ። ሚስቴ ምን እንደሆንኩ ልጃችንን ስትጠይቃት፣ «ኦፍሳይድ ሞቶበት ነው» አለቻት።

የዚያን ጊዜ ታክሲ እነዳ ነበር። ኤርፖርት ተራ እስኪደርሰን ብዙ ሰዓት ስለምንቀመጥ በስልኬ የአውስትራሊያ ግጥሚያ ማየት ጀመርኩ። አንድ የመርካቶ ልጅ፣ የረጅም ጊዜ ጓደኛዬ፣ ሰላት ሰግዶ ሲመለስ ወደ መኪናዬ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይሄ ኳስ ነው ድብድብ?»

«ኳስ ነው። ኦፍሳይድ ግን የለውም።»

«ታዲያ አጥቂው ጎል ስር ሄዶ ቢቀመጥስ?»

«ይቀመጣል። ማን ይከለክለዋል?»

ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው አንዱ ተከላካይም አብሮት ይቀመጣላ! ሰውየውን ጥለህ የት ትሄዳለህ?»

ነገሩ ያን ያህል ቀላል ነበር፤ እኔ ግን ሁለት ሳምንት ከመስመሬ ጋር ስታገል አልታየኝም። የውሃ ጠርሙስ ክዳኖች ኮፈኑ ላይ ደርድረን ስናንቀሳቅስ ዋልን። ተከላካይዋ ሁልጊዜ በአጥቂዋና በጎሉ መካከል ትቁም። ኳሷ ከላይ ስትመጣ ለመቅለብ አትታገል፤ በቡጢ መትታ ወደ ዳር ታውጣት። አንዷ ለኳስ ስትዘል ሌላዋ ከኋላዋ ትሸፍን። ጓደኛዬ የራሱን ክዳን ከእኔ ጎል ውስጥ አስገብቶ፣ «ይሄን ማን ያዘው?» እያለ ያበሽቀኛል። ተራችን ደርሶ ከኋላ ጥሩምባ እስኪነፋብን አንነሳም ነበር።

ኮፈን ላይ የሠራው ሜዳ ላይ አልሠራ አለ። መጀመሪያ አየሩ አስቸገረኝ። ዴንቨር ከፍታ ላይ ስለሆነች የተመታች ኳስ ከምታስበው በላይ ትሄዳለች። ረጅሟ አስተማሪ ኳሷ የምትወድቅበትን ቦታ ገምታ ትዘላለች፤ ኳሷ ከጣቶቿ በላይ አልፋ አሥር እርምጃ ከኋላ ትወድቃለች። «ወደ ኋላ ቁሚ!» እላታለሁ። ወደ ኋላ ስትቆም ደግሞ ከፊቷ ይቀልቡባታል። ቀጥሎ ሰው ጠፋ። ዳቦ ጋጋሪዋ ሥራ የምትገባው ከንጋት በፊት ስለሆነ ወይ ትቀራለች ወይ ቆማ ታንቀላፋለች። አስተማሪዋ የወላጆች ስብሰባ አለባት። ግንቦት ላይ በረዶ ጥሎ አንድ ሳምንት ሙሉ ሜዳው ተዘጋ። ሦስቱ አንድ ላይ የተገኙበት ልምምድ በጣት የሚቆጠር ነው። ያልተገኘው ሰው ቦታ ላይ ማንንም አቆማለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ለሌላ ሰው እንደ አዲስ አስረዳለሁ። እሁድ እሁድ እየተሸነፍን እንመለሳለን።

ከሁሉ ያስቸገረችኝ ግን የገዛ ልጄ ናት። አጥቂዋን ትታ ወደ ኳሷ ትሄዳለች። ስትደርስባት ያምራል፤ ከሰው ሁሉ በላይ ተነስታ ትቀልባትና ዳር የቆመው ያጨበጭባል። ሳትደርስባት ስትቀር አጥቂዋ ብቻዋን ጎሉ ስር ትቀራለች። አንድ እሁድ መኪናውን ቤታችን በር ላይ ፓርክ ካደረግኩ በኋላ ሳንወርድ ተጨቃጨቅን።

«ሰውሽን አትልቀቂ ብዬሽ አልነበረም?»

«ግን ኳሷን ያዝኳት እኮ!»

«አንዴ ያዝሽ። ሦስቴ አመለጠችሽ፣ ሦስቱም ገባብን።»

«አንተ የምትቆጥረው የተበላሸውን ብቻ ነው» አለችና በሩን ዘግታ ገባች።

መስከረም ላይ ከሌላ ስቴት የመጣ ቡድን ገጠመን። የወቅቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። አሰልጣኟ ሐሙስ ዕለት ደውላ የኋላው መስመር እንዴት እንደሚሆን ስትጠይቀኝ ሐሳቤን ጨርሼ ነበር። አንዲት የአርባ አንድ ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ በዚያው ክረምት ቡድኑን ተቀላቅላለች። ዘገምተኛ ናት፤ ኳስ መቅለብ አትችልም። ሰውሽን ያዢ ካልኳት ግን መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትላ ትይዛለች። ጨዋታው ከከበደን ልጄን አውጥቼ እሷን አስገባለሁ አልኩ። ለጓደኛዬም ነገርኩት። «ለልጅህ ነግረሃታል?» ሲለኝ፣ «እነግራታለሁ» አልኩት። እሁድ ጠዋት እኔና ልጄ በአንድ መኪና ሄድን። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ አየሩና ስለ ፈተናዋ አወራን፤ አልነገርኳትም።

እስከ እረፍት አራት ጎል ገባብን። ሁለቱን ልጄ የለቀቀቻት አጥቂ ናት ያገባችው። በእረፍት ሰዓት ክብ ሠርተው ውሃ ሲጠጡ፣ «ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አንቺ ትወጫለሽ፤ በአንቺ ቦታ እሷ ትገባለች» ብዬ ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ ጠቆምኩ። ያልኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁሉም ሰማ። ልጄ የጥርስ መከላከያዋን ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። ሄዳ ቤንች ላይ ተቀመጠች።

ሁለተኛው አጋማሽ እስከ ዛሬ በአሰልጣኝነቴ ካየሁት ሁሉ የተሻለው ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ከአጥቂዋ ማልያ አልተላቀቀችም። ዳቦ ጋጋሪዋ ኳሷን በቡጢ እየመታች ወደ ዳር ስታወጣ ድምፁ እኔ ጋ ይሰማል። ረጅሟ ከኋላ ሆና፣ «ያንቺ ነው! ሸፍኛለሁ!» እያለች ትጣራለች፤ አምስት ወር ሙሉ አውሩ ስላቸው አልሰማ ብለውኝ ነበር። አንድ ጎል ብቻ ገባብን። ቢሆንም ከፊት ያሉት ልጆች የሚበቃንን ያህል አላገቡምና በሰባት ነጥብ ተሸነፍን። ዳር የቆመው ሰው ያጨበጨበው ላገቡት ነው። ያልገባን ጎል ማንም አያይም፤ ተከላካይ ሆኜ ሳለሁም እንደዚሁ ነበር። አሰልጣኟ ብቻ መጥታ እጄን ጨበጠችኝ። እኔ በመጨባበጡ መሀል ልጄን በዓይኔ እፈልግ ነበር፤ መኪናው ጋ ሄዳ ቆማለች።

ኮልፋክስ ላይ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ከፊታችን በየፌርማታው ይቆማል። እኔም ሳላልፈው ከኋላው እየቆምኩ ተከተልኩት። አውሮራ ልንገባ ስንል ተናገረች።

«ትክክል ነበርክ። ከእኔ እሷ ትሻል ነበር።»

«ልጄ…»

«ቆይ። መቼ ነው የወሰንከው?»

መዋሸት እችል ነበር። «ሐሙስ» አልኳት።

«ሐሙስ! ዛሬ ጠዋት አብረን እኮ ነው የመጣነው። ስለ ፈተናዬ ስትጠይቀኝ ታውቅ ነበር።»

«ብነግርሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«አልቀርም ነበር» አለች በአማርኛ። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በእንግሊዝኛ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ ሳይገባኝ፣ ሁሉ ሰው ፊት እንደዚያ ባላደርግ ኖሮ ምን ይጎድልብኝ እንደነበር ጠየቀች። ስምንት ዓመት ስጫወት አንድም አሰልጣኝ ለምን እንዳስወጣኝ ነግሮኝ አያውቅም። እኔም እንደዚያ የሚሠራ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ ልምምድ ሲኖራት በአውቶቡስ ትሄድ ጀመር። እናቷ፣ «አብራችሁ ሂዱ እንጂ!» ስትል ሁለታችንም የማንሰማ እንመስላለን። በቀጣዩ ዓመት አሰልጣኟ መሀል ሜዳ አሰለፈቻት። እዚያ ኳሷን እያሳደደች እንደ ልቧ ትሮጣለች፤ ማንንም መጠበቅ የለባትም። ጎበዝ ሆነች። ያን ቦታ መጀመሪያውኑ ላየው ይገባኝ ነበር፤ ሌላ ሰው አየላት።

የኋላው መስመሬ ግን እስከ ቀጣዩ ወቅት አልዘለቀም። አስተማሪዋ ካንሳስ ሥራ አግኝታ ሄደች። ዳቦ ጋጋሪዋ አረገዘች። ሒሳብ ሠራተኛዋ ቤቷ ደረጃ ላይ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷን ሰበረች። መጋቢት ላይ ለመጀመሪያው ልምምድ ስሄድ ሳሩ በከፊል በረዶ ነበር፤ ከመጡት ስድስት ሰዎች አራቱን አላውቃቸውም። «ከኋላ መጫወት የሚፈልግ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም ጫማቸውን አዩ። ከአዲሶቹ አንዷ ከኋላ ከቆመች ጎል ማግባት ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። «አትችይም» አልኳት። ሄዳ ከአጥቂዎቹ ጋር ተሰለፈች። ከቀሩት ሁለቱን ጠራሁና ከጎሉ ፊት አቁሜ፣ አንደኛዋን ትከሻዋን ይዤ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞርኩ።