ሳሎኑን የበላው ደረጃ

ባሌ የሞተው አዲሱ ቤታችን ጣሪያ ሊመታ ትንሽ ሲቀረው ነው። ይሄን ስናገር ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ ግን ያኔ የተሰማኝ ነገር ቢኖር ንዴት ነው፤ እሱም ከሩቅ የሚሰማ ዓይነት ንዴት። "አሁን ይሄን ሁሉ ለማን ጥለኸው ነው?" አልኩት በልቤ። ሦስት ቀን ታሞ በአራተኛው ሄደ። እጅ ተኝተውበት ሲነቁ እንደሚደነዝዘው መላ አካላቴ ደነዘዘ። የእጅስ ትንሽ ሲቆይ ይለቃል፤ የኔ አልለቅ አለ።

ጊዜው የጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት ነው። እሱ መርካቶ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። የምንኖረው ከጦር ኃይሎች ወዲህ ባለች የኪራይ ቤት ሲሆን፣ የራሳችንን ቤት የሚያሠራው ኮልፌ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ባለ አንድ ፎቅ! ያኔ በሰፈሩ ፎቅ የሠራ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የሠሩትም ደረጃውን በውጭ በኩል ነው የሚያወጡት። እሱ ግን "የኛ በውስጥ ይሁን" ብሎ ድርቅ አለ። ከግንበኛው ጋር ስለዚህ ደረጃ ሲነጋገር፣ ሲያሰርዝ፣ እንደገና ሲያስለካ ወራት ፈጀ። ጉራ መሰለኝ። ሳሎን ውስጥ እንደ ትልልቅ ሰዎች ቤት የሚታይ ደረጃ አምሮት ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ስለ እግሬም ልንገራችሁና ልገላገል። በልጅነቴ ከዛፍ ወድቄ ግራ ዳሌዬ ተሰበረ፤ ወጌሻ አሽቶት እግሬ አጥሮ ቀረ። አነክሳለሁ። ይቺን ቃል ግን ያኔ እኔ ራሴ እንኳ አልናገራትም። ጎረቤት "አይዞሽ፣ ቀስ በይ" ካለችኝ ሳምንት ሙሉ ሰላም አልላትም። እናቴ ሳትቀር ትፈራኝ ነበር፤ ልትደግፈኝ ትነሣና ዓይኔን አይታ መልሳ ትቀመጣለች። ባሌ በስድስት ዓመት ትዳራችን አንድም ቀን ስለ እግሬ አንሥቶ አያውቅም። እውነቱን ልናገር፣ የወደድኩትም ለዚህ ነው። ያላየው ይመስለኝ ነበር።

እሑድ እሑድ በጋሪ ይዞኝ ሄዶ ሥራው የት እንደደረሰ ያሳየኛል። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ የቤቱ ወለል ከግቢው ከፍ ይላል። መወጣጫ እንዲሆነኝ ድንጋይ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። የሚገርመው ድርድሩ በየሳምንቱ ይለያያል፤ አንዱ እሑድ ሦስት ትልልቅ ድንጋይ፣ ሌላው እሑድ አምስት ዝቅ ዝቅ ያሉ። ስወጣ ቆሞ እያየኝ "ይሄስ?" ይለኛል።

"ይሄስ ምኑ? ድንጋይ አይደል እንዴ!"

"ጭቃ እንዳይነካሽ ብዬ ነው።"

"ምነው፣ ሙሽራ አስመሰልከኝ እኮ!" እለዋለሁ። ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ከዚያ ክፍሎቹን አይተን እንመለሳለን።

ሲሞት ኢዳ ገባሁ። በኛ በሙስሊሞች ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም። ለሌላው ይከብድ ይሆናል፤ ለኔ ምንም አልመሰለኝም። የት ልሂድ ብዬ? እናቴ መጥታ አብራኝ ከረመች። ብዪ ስትለኝ እበላለሁ፣ ተኚ ስትለኝ እተኛለሁ። ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ጭኔ ላይ ስትወጣና ስትወርድ ትውላለች፣ እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ዱዓ ላይ እጄን ዘርግቼ የምለው ይጠፋኛል። አላለቀስኩም። ለቀስተኛው ሁሉ እንዴት ያለች ጨካኝ ናት ሳይለኝ አልቀረም።

በሁለተኛው ወር ግንበኛው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሙያውን ከጣሊያኖች ጋር ሲሠሩ የለመዱ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝግ ያለ። እናቴ በሩ አጠገብ በርጩማ ሰጠቻቸው፤ እኔ ኢዳ ላይ ነኝና ከመጋረጃው ወዲያ ተቀመጥኩ። የፎቁ ወለል ተሞልቷል አሉ። የቀረው ደረጃው የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ብቻ ነው።

"ሠራተኞቼ በመሰላል ሲወጡ ሲወርዱ አንዱ ወድቆ ሊሞትብኝ ነበር፤ ክረምቱም መጣ። የትኛው ደረጃ ይሁን? እንግዲህ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ" አሉኝና ሦስት ወረቀት በመጋረጃው ሥር አሳለፉልኝ።

ከሲሚንቶ ከረጢት የተቀደደ ወረቀት ነው፤ በእርሳስ ሥለውበታል። አንደኛው ግድግዳውን ተጠግቶ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ አሥራ አራት ደረጃ። ሁለተኛው መሃል ላይ አርፎ የሚዞር። ሦስተኛው ደረጃዎቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ቆጠርኳቸው፣ ሃያ ሁለት። ከሳሎኑ አንድ ጥግ ተነሥቶ እስከ ሌላው ጥግ ከሄደ በኋላ ነው ዞሮ የሚወጣው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኩ።

"እሳቸው የመረጡት ይሄንን ነው።"

"ሳሎኑን እኮ በላው!"

"ይበላዋል። እኔም ብያቸው ነበር።"

"ታዲያ ለምን?"

ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ይሰማኛል። ከዚያ እንደ መፍራት ብለው፣ "እንግዲህ... ለእግርም ይቀላል፣ እትዬ" አሉኝ።

ወይ ጉድ! ሁለት ወር ሙሉ ምንም ያልተሰማኝ ሴትዮ በዚህች ቃል ደሜ ፈላ።

"ለማን እግር? ስለኔ እግር እርስዎን ማን ጠየቀዎት?"

"አንቺ ልጅ፣ ተይ እንጂ፣ ትልቅ ሰው ናቸው!" አለች እናቴ።

"አልተውም! የመጀመሪያውን ይሥሩ። ቀጥ ያለውን።"

"እትዬ፣ እሱ ገደል ነው። ትንሽ ቢያስቡበት..."

"አስቤበታለሁ" አልኩ፣ ምንም ሳላስብ። ሌሎቹን ሁለት ወረቀቶች ቀደድኳቸውና ቁርጥራጩን በመጋረጃው ሥር መለስኩላቸው። "እሺ" ብለው ወጡ። ንዴቱም አብሯቸው ወጣ መሰለኝ፣ እንደገና ደነዘዝኩ።

ኢዳዬን እንደጨረስኩ ከናቴና ከልጄ ጋር ጋሪ ይዘን ወደ ኮልፌ ሄድን። ጣሪያው ተመትቷል። በግቢው በኩል ያሉት ድንጋዮች የመጨረሻው እሑድ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ዝቅ ዝቅ ያሉ አምስት ድንጋዮች፣ ዙሪያቸውን ሣር በቅሏል። ልጄን አቅፌ ወጣሁባቸው። እንዴት እንደወጣሁ እንኳ ልብ አላልኩም።

ሳሎኑ ሰፊ ነው። ደረጃውን ግን ገና ሳየው እንደማልወጣው አወቅሁ። መሰላል ነው እንጂ ደረጃም አይባል፤ መደገፊያም ገና አልተሠራለትም።

"እንዴት ነው?" አሉኝ ግንበኛው።

"ጥሩ ነው" አልኩ። ምን ልበል? በራሴ አፍ ያዘዝኩት ነው።

የፎቁን ክፍል ቁልፍ ሊያመጡ ወጡ። እናቴ ከጋሪው ላይ ዕቃ ታወርዳለች። ልጄን መሬት አስቀምጬ መስኮቱን አየት አደረግሁ፤ ስዞር የለችም። በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች ደረጃውን አጋምሳዋለች።

ብጮህ ደንግጣ ትዞራለች። አልጮህኩም። ጫማዬን አወለቅሁና እኔም እንደሷ በእጄና በጉልበቴ ተከተልኳት፤ ግራ እግሬን እየጎተትኩ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በደረቴ እየታከክሁ። ጫፍ ላይ ደርሳ "እማዬ!" ብላ ወደኔ ስትዞር ቀሚሷን ያዝኩ። እሷ ትስቃለች። እሷን አቅፌ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ወደ ታች አየሁ፤ ያንን ገደል ልጅ ይዤ ይቅርና ብቻዬንም አልወርደውም።

እናቴና ግንበኛው ገቡና ቀና ብለው አዩኝ። እኔን መናገር ማን ደፍሮ!

"እማ" አልኩ። "እግሬ አልቻለም። ነዪ አውርጂኝ።"

እናቴ ይሄን ከኔ አፍ ሰምታ አታውቅም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወጣች፤ መጀመሪያ ልጄን አወረደች፣ ተመልሳ እኔን። ቂጤ ላይ ተቀምጬ፣ ክንዴን በትከሻዋ አድርጌ፣ አንድ በአንድ አሥራ አራቱንም ወረድኩ። ግንበኛው እስክጨርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ።

"የሱ ደረጃ ከፍታው ምን ያህል ነበር?" አልኳቸው።

ወደ በሩ ሄዱና ውጭ ያሉትን ድንጋዮች በእጃቸው አሳዩኝ።

"ያን ያህል ነው። በየሳምንቱ እኔ ነኝ የምደረድራቸው። ቅዳሜ ባለቤትዎ ይመጡና ከፍታውን ይነግሩኛል፣ እሑድ እርስዎ ሲወጡ ቆመው ያያሉ። ሰኞ 'አልሆነም፣ ከንፈሯን ነከሰች' ይሉኛል። የመጨረሻዋ ሰኞ ላይ 'አገኘነው፣ እያወራች ወጣች' አሉኝ። እርስዎን እንዳልነግርም አስምለውኛል፤ 'ለእግሯ መሆኑን ካወቀች እምቢ ትላለች' ብለው።"

ያላየ የመሰለኝ ሰው! ስድስት ዓመት እንዳላየ ሆኖ ሲያየኝ ኖሯል። እሑድ እሑድ ቤት ሊያሳየኝ ሲወስደኝ እሱ የሚያየው እግሬን ነበር። እናቴ አሁን ታለቅሳለች ብላ እጄን ይዛ ጠበቀች። እንባው ያኔም አልመጣም።

"ይፍረስ" አልኩ።

"ምኑ?"

"ይሄ። የሱን ይሥሩልኝ። ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ እንጂ..."

"ወረቀት ምን ያደርጋል? ድንጋዮቹ አሉ አይደል" አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ "ሳሎኑን ግን ይበላዋል፣ እትዬ" አሉኝ።

"ይብላው።"

ዛሬም እዚያው ነኝ። ሳሎናችን ጠባብ ነው፤ ድግስ ሲኖር ግማሹ ሰው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይበላል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ዙሪያውን ያይና "ምነው፣ ይሄ ደረጃ ቤቱን ጨረሰው እኮ! ለምኑ ነው እንዲህ የተንቀራፈፈው?" ይለኛል።

"ለእግሬ ነው" እላለሁ።