ስሜን ደብቀው አቀረቡኝ

ዛሬ ጠበቃዋ "ስማቸውን የማንጠቅሳቸው አንድ አቅመ ደካማ አዛውንት" ብላ ስትጀምር ከስብሰባው መሀል ብድግ አልኩ።

በነጻ የምታማክረኝ ወጣት ናት። ሽመና የጣቴን አሻራ ስለበላው የቀበሌው አሻራ ማንበቢያ ማሽን አላነብህም አለኝ፤ በዚህ ሳቢያ የቀበሌ ቤቴ ውል አልታደሰም። አሠራሩ እንዲቀየር የእኔንና የመሰሎቼን በደል ለኃላፊዎች እያስረዳች ነበር።

"አቅመ ደካማስ ማሽናችሁ ነው። እኔ ሸማኔው ተሰማ ነኝ" አልኩ። (ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ስሜን አልጽፍም ብላኝ ነበር፤ ጻፊ አልኳት።)

"አባባ፣ ቤትዎን እንዳይነኩብዎ ብዬ እኮ ነው የደበቅኩዎ" አለችኝ ጠበቃዋ በሹክሹክታ።

ኃላፊው ቀና ብሎ "ቤትዎ የት ነው?" አለኝ።

"ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች" አልኩት። ጻፈው። ሊረዳኝ ይሁን ሊያስወጣኝ እስካሁን አላወቅኩም።

ጣታችሁን ማሽን የናቀባችሁ ካላችሁ፣ እስቲ ከነስማችሁ እዚህ ንገሩኝ። ስሜ ብቻውን አይቅር።