ነፋስ ነው ያልነው

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ገብሱ ያሸተ ጊዜ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ስልክ በየቤቱ ገብቷል፣ አምቡላንስም አለ ይባላል፤ ጤና ጣቢያው ካለበት ከሮብ ገበያ አልፎ እኛ ዘንድ የሚወጣ መንገድ ግን አልነበረም። ዓመቱን ልጆቼን ብጠይቃቸው አንዱ አንድ ይለኛል፣ ሌላው ሌላ። እኔም እንደ ተማረ ሰው ጽፌ አላስቀመጥኩት። ሦስተኛ ክፍል ስደርስ አባቴ ሞተና ሞፈር ጨበጥኩ፤ ከትምህርት የተረፈኝ ፊደሉ ብቻ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ጉልበተኛ ነበር። ጉልበተኛ ስላችሁ ገበያ ላይ የሚፎክረውን ዓይነት አይደለም። የጉልበቱን ልክ እሱም አያውቀው፣ እኛም አናውቀው። አንዴ ገደል የገባ በሬ ስምንት ሰው በመጫኛ ሲጎትት ውሎ አቃተው። ወንድሜ ወረደ፣ ከበሬው ሥር ገባ፣ በትከሻው እየገፋ አወጣው። ከወጣ በኋላ ውሃ ስጡኝ አለ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ይህን ጉልበት ለሕመምተኛ አዋለው። በኛ አገር ሰው ሲታመም ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ ይወጣና ቃሬዛውን እየተፈራረቀ ይሸከማል። ወንድሜ ግን ከጥድ እንጨት ወንበር ሠራ። ሕመምተኛውን ያስቀምጥበትና ወንበሩን በመጫኛ ጀርባው ላይ ያስራል። የተቀመጠው ሰው ፊቱ ወደ ኋላ ስለሆነ የተነሳበትን ቀዬ እያየ ይወርዳል። እኛ ሁለት ሰዓት የምንሄደውን እሱ በአንድ ሰዓት ሮብ ገበያ ይደርሳል። ምጥ የያዛትን፣ እግሩ የተሰበረውን፣ ሁሉንም አደረሰ። ወንዶቹም ቀስ በቀስ መውጣት ተዉ። ቃሬዛው ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ወድቆ በሰበሰ።

«አንተ ካለህልን እኛ እግራችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ ነው» ይለዋል አንድ ቀልደኛ ጎረቤታችን።

«በል አንተም ታመምና ልሸከምህ» ይመልስለታል ወንድሜ። «የሚከብደኝ አፍህ ብቻ ነው።»

ሌላ መልክም ነበረው። በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ዝም ይላል። እህል ይተዋል። ከባሕር ዛፉ ውስጥ ይጠሩኛል ይላል። በሦስተኛው ቀን ይነሳና እጁ ያገኘውን ይሰብራል፤ ከዚያ ይተኛል። ሲነቃ ምንም አያስታውስም። አንድ ጊዜ የገዛ ቤቱን ምሰሶ ነቅሎ ጣሪያው ተደረመሰ።

«ጋሼ፣ ቤቴን ማን ነው ያፈረሰው?» አለኝ ሲነቃ።

«ነፋስ ነው።»

«ምን ዓይነት ነፋስ ነው፣ ያንተን ዘሎ የኔን?»

እየሳቀ ምሰሶውን መልሶ ተከለ። እኔ ጭቃ አቀበልኩት።

ይህ የኔ ውሸት ብቻ አልነበረም፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የመከሩበት ነው። ካወቀ አዝኖ ገዳም ይገባል፣ አገር ጥሎ ይሄዳል ተባለ። ጠበል ይወሰድ ያሉም ነበሩ። አንድ አዛውንት ግን «ጠበሉ ያን ነገር ሲያወጣ ጉልበቱንም አስከትሎ ቢያወጣውስ? ማን ያወርደናል?» አሉ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ታላቁ እኔ ነኝ፣ መናገር የነበረብኝም እኔ ነበርኩ። አልተናገርኩም። የኔም ማሳ የሚታረሰው በሱ ጉልበት ነበር።

እንግዲህ በዚያ ገብሱ ባሸተበት ጊዜ ዝምታው መጣበት። በሦስተኛው ቀን ሚስቴ፣ ይህ ሰው በረኃብ ሊሞት ነው ብላ፣ ቂጣና እርጎ ይዛ ቤቱ ገባችለት። እኔ ደጅ ቆሜ ነበር፤ አብሬያት አልገባሁም። አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ እየተንገዳገደች ወጥታ ግድግዳው ሥር ወደቀች። ክንዷ ከክርኗ በታች ታጥፏል። እሱ ተመልሶ ተኛ። ከሰዓት በኋላ ነቅቶ ስታቃስት ሰማት።

«ምን ሆነሽ ነው እታለም?»

አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት። «ላሚቱ ረግጣት ነው» አልኩት።

ሄዶ ወንበሩን አመጣ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ እኔ ከኋላ ነበርኩ። እሷ ጀርባው ላይ ናት፣ ፊቷ ወደ እኔ። ክንዷን በቀርከሃ ደግፈን በነጠላ አንጠልጥለነዋል። ዓይኗን ከላዬ አላነሳችም። እሱ ከፊት ይዝታል።

«ስመለስ የዚያችን ላም ቀንድ ነው የምነቅለው!»

«ተዋት፣ ላሚቱ ምን አደረገች» አለችው።

«እንዴት ምን አደረገች? ክንድሽን ሰብራ!»

እሷ ግን ወደ እኔ «አንተ ሰውዬ፣ መንገዱን እያየህ ሂድ፣ ትወድቃለህ» አለችኝ። ዕንባ መንገዱን እንደጋረደብኝ አይታለች።

ሮብ ገበያ ያሉት ሐኪሞች ወደ ማርቆስ ጻፉልን። ወንድሜ አልተዋትም ብሎ ወንበሩን እንደታቀፈ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ። ሆስፒታል ስንደርስ አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለን።

«እማማ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ላሚቱ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ላም አይደለችም» አለች ሚስቴ። ወደ ወንድሜ ዞረች። «አንተ ነህ የመታኸኝ። ታመህ ነው፣ ክፋት የለብህም። ቤትህንም ያፈረስከው አንተ ነህ፤ ነፋስ አልነበረም። በል አሁን አብረን እንታከም።»

ሐኪሙ አያውቅም እንጂ የዚያ ክፍል ግድግዳ ለወንድሜ ክንድ ምንም አልነበረም። እኔ በሩን አየሁ፤ መሸሽ ነው የታየኝ። እሱ መዳፉን ገልብጦ አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«ስንት ጊዜ ነው፣ ጋሼ?»

ጋቢዬን ሰብስቤ ያዝኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

መልሴን ሳይጠብቅ ወንበሩን መሬት ላይ አኖረና ተቀመጠበት። ስንቱን ሰው አስቀምጦበታል፤ እሱ ሲቀመጥበት ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

በየወሩ ከማርቆስ የምናመጣው ኪኒን ታዘዘለት። ዝምታው ቆመ። ጉልበቱም አብሮ ሄደ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ጆንያ ድንች ለማንሳት ሁለቴ ያርፋል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ያ ጉልበት የኔ ነበር ወይስ የሕመሙ?» ብሎ ጠየቀኝ። «እኔ ምን አውቄ» አልኩት።

በቀጣዩ ክረምት ያ ቀልደኛ ጎረቤታችን ሆዱን ያዘው። ቃሬዛ የለም፤ መሰላል ላይ ጋቢ አንጥፈን ተነሳን። ወንዶቹ ሸክም መፈራረቅ ረስተዋል፣ እርምጃቸው አይገጥምም። ወንድሜ ከአንዱ ጫፍ ገባና ጥቂት ሄዶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ወንዙን ሳንሻገር ሰውየው አረፈ። ለቅሶ ስደርስ ባለቤቱ ቀና ብላ አየችኝና «የወንድምህን ጉልበት በኪኒን አስበላችሁት» አለችኝ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ተይ የሚላት አልነበረም።

በማግሥቱ ኪኒኑን አንስቼ ጎታው ውስጥ፣ ገብሱ ሥር ቀበርኩት። ለአገሩ ብዬ ነው አልልም። ያ ወንድሜ እንዲመለስልኝ ፈለግኩ፤ ቢመለስ ማንን እንደሚሰብር እያወቅኩ። አራት ቀን አለፈ። በአምስተኛው ወንድሜ እህል ተወ፣ ወደ ባሕር ዛፉ ጆሮውን ያቀና ጀመር።

«ኪኒኑስ?» አለችኝ ሚስቴ።

«እንጃ።»

«ነፋስ ወስዶት ይሆናላ!»

የጎታውን ክዳን አጣምሜ መክደኔን አይታ ኖሯል። ጎታው ላይ ጎንበስ ብላ ያንኑ ጠማማ ሆኖ የዳነ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች። ሲያማት አየሁ። ኪኒኑን አወጣች፣ ገለባውን እፍ አለችና መዳፌ ላይ አኖረችው።

«አንተ ስጠው። የሠራኸውንም ንገረው።»

ወንድሜ ቤት አብራኝ ገባች፣ ከጎኔ ቆመች። ለወንድሜ ነገርኩት፤ ከነፋሱ ጀምሬ እስከ ጎታው። አዳምጦ ሲጨርስ ኪኒኑን ዋጠ። «አሁን ነገርከኝ» አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ያን ደጃፍ ለብቻዬ አልሻገረውም ነበር። ያሻገረችኝ ሚስቴ ናት።